ባለአበባው ሻንሲ

አባቴ ሲሞት ለእናቴ ቤቱን፣ ለእኔ አፍንጫውን፣ ለሁላችንም ደግሞ አንዲት የማትነሳ ቀይ መኪና ትቶ ሄደ። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ እንደ ተኛች ድመት መሬት ላይ የተለጠፈች የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። አባቴ በጎረምሳነቱ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን መካኒክ ላይ ነው የገዛት። እናቴን ያግባባት በእሷ እንደሆነ የሚያውቅ የጎንደር ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ከዚያ ቤንዚን በራሽን ሆነ፤ እኛ ልጆቹም ተከታትለን መጣን፤ ሁለት ወንበር ለቤተሰብ አልበቃ አለ። መኪናዋ ጓሮ ከቆርቆሮው ዳስ ስር ገባችና በዚያው ቀረች። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ኮፈኗ ላይ ሽንኩርት ተሰጥቶ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋ ነው የማውቃት።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ጓሮውን ሲሚንቶ ላስደርግ ብላ በተነሳች ጊዜ ነው። እኔ ያኔም እንደ ዛሬው ሆስፒታል ራጅ አነሳለሁ፤ ሌሎቹ ልጆች ከቤት ወጥተው እኔ ከእናቴ ጋር ቀርቻለሁ። የአባቴ ታናሽ ወንድምም ጡረታ ወጥቶ እኛው ጋ ነበር። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ በመተማ መንገድ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። ሲሚንቶው እንዲፈስ መኪናዋ ከዳሱ መውጣት ስላለባት ጎረቤት ተሰበሰበ። አጎቴ ቦታ ቦታችንን ሰጠን፤ እኔ የፊት መብራቷን ያዝኩ።

"ሆ ስል ብቻ ነው የምታነሱት" አለና፣ "ሆ!" አለ።

መኪናዋ በማይታመን ቅለት ብድግ አለች። ደስ እያለን ጥቂት እንደተራመድን እናቴ ከበረንዳው ላይ ሆና፣ "የቀረውንስ አትወስዱትም?" አለችን። ዞረን ስናይ ጎማዎቹ፣ ሞተሩና ከስር ያለው ብረት ሁሉ እዚያው ዳሱ ስር ተቀምጠዋል። እኛ እንደ ድስት ክዳን ያነሳነው የላይኛውን አካል ብቻ ነበር። ሻንሲውን፣ ማለት ሞተሩም ጎማውም አካሉም የሚያርፍበትን ያን የመኪና አከርካሪ፣ ዝገት በልቶ ጨርሶት ኖሯል። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም። እኔ በበኩሌ መብራቷን እንደያዝኩ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቶቻችን ክዳኑን ይዘው ማስቀመጥም መሄድም አቅቷቸው እየተንፈራፈሩ ቆሙ።

በሳምንቱ አሮጌ ብረት የሚገዛ ቆራሌ መጣ። ሁለቱን ቁራጭ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "እማማ፣ ይሄን ዝገት መዝኜ ልገላግልዎት" አላት።

እናቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ "ባሌን ነው የምትመዝነው?" አለችው። ሰውየው ሚዛኑን አንጠልጥሎ ወጣ።

ያን ዕለት ምሳ ላይ አጎቴ ጉርሻውን እንደያዘ፣ "ሻንሲ እኮ ምንም አይደለም" አለ። "ሁለት ረጅም ብረት፣ በመሃል አግዳሚ። መሰላል ነው በቃ። መሰላል መስራት ሊያቅተን ነው?"

"መሰላል መሪ የለውም፣ ጋሼ" አልኩት።

"አይዞሽ፣ መሪውን እናስገባለታለን።"

እናቴ ሁለታችንንም በየተራ ካየች በኋላ፣ "ዶሮዎቹንስ የት ላድርጋቸው?" አለች። ፈቃዷን የሰጠችን በዚህች አባባል ነበር።

ሲሚንቶው ፈሰሰ። የግቢው ውሃ እንዳይተኛ ወለሉ ወደ ፍሳሹ ጥግ ዘንበል እንዲል አጎቴ ራሱ ከግንበኛው ጀርባ ቆሞ አሰራ። ወለሉ ሲደርቅ የመኪናዋን አካል አራት በርሜል ላይ ሰቀልነው። ከዚያ የእኔ ሥራ ተጀመረ። አካሉ ከሻንሲው ጋር በብሎን የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች እየተከተልኩ፣ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱንቢ በክር አወርዳለሁ፤ የቱንቢው ጫፍ ወለሉን የነካበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቶቹን በመስመር ሳገናኛቸው አዲሱ ሻንሲ በሙሉ መጠኑ ወለላችን ላይ ተኛ። ቀኑን ሙሉ የሰው አጥንት ሳይ ውዬ ማታ የመኪና አጥንት እስላለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሳላስበው ሳፏጭ የሥራ ባልደረቦቼ አዩኝና ላገባ እንደሆነ ተወራ። እናቴ ያ ስዕል እስኪነሳ ድረስ ጓሮው እንዳይጠረግ ከለከለች። ራሷም ወደ ልብስ መስጫው ስትሄድ በመስመሮቹ መካከል ቀሚሷን ሰብስባ እየዘለለች ነበር።

አሁን የሚበይድ ሰው አስፈለገን። ከቤታችን በታች የብረት በርና መስኮት የሚሰራ ጎረቤት አለን፤ የሰፈሩን በር ሁሉ የሰራው እሱ ነው። ጥሩ በያጅ ነው፤ ግን በሩ ላይ አበባ ካላስገባ፣ አጥሩ ጫፍ ላይ ጦር ካልሰካ አይሆንለትም። ሆስፒታል የሚሰራን ሁሉ ሰፈርተኛው ዶክተር ስለሚል እኔንም ዶክተር ነው የሚለኝ።

ስዕሉን ቆሞ ሲያየው ከቆየ በኋላ፣ "መኪና ሰርቼ አላውቅም፣ ጋሼ" አለ ለአጎቴ።

"እኛም አናውቅም" አለው አጎቴ። ሰውየው በዚህ መልስ ልቡ ተረጋጋ።

ቱቦላሬ የሚባለውን አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ገዝተን፣ ጡቦች ላይ ደርድረን ሥራው ተጀመረ። ሞተሩን፣ ማርሽ የሚቀይረውን ካምቢዮና የጎማ ዘንጎቹን ያገኘነው ከተጋጨች አሮጌ ታክሲ ላይ ነው። በያጁ እየበየደ አጎቴ ያዛል፤ አጎቴ እያዘዘ እናቴ ከበረንዳው ታርማለች። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ አጎቴ ወገቡን ይዞ ሻንሲውን እያየ ቆሟል። የመሃለኛው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ካምቢዮው በሚያርፍበት አጠገብ፣ ባለ ስድስት ቅጠል የብረት አበባ ተበይዷል።

"ምነው፣ ይሄ ለምንድን ነው?" አለ አጎቴ።

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "ባዶ ሲሆን ሥራ አልመስል አለኝ።"

"መኪና ስር ማን ያየዋል?"

"እግዜር ያየዋል።"

"እግዜር ያለው ላይ ነው። አካሉ ሲገጠም ይሸፈንበታል" አለ አጎቴ።

እናቴ ከበረንዳው፣ "እግዜር በሁሉም ቦታ ነው ያለው፤ አበባው አይነካ" ብላ ፈረደች። አበባው ቀረ። በያጁ ድል ስላገኘ በማግስቱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ዶክተር፣ ያንን ብየዳዬን ራጅ አታነሺልኝም? ውስጡ ጤነኛ መሆኑን ብናውቅ" አለኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ሻንሲ በአልጋ ሲገፋ፣ ተረኛዋ ነርስም "ታማሚው ማን ይባላል?" ስትል እየታየኝ ለሁለት ቀን ያህል ብቻዬን ሳቅሁ።

ጎማዎቹ የገቡ ዕለት ሻንሲው ወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ በአራቱም ቆመ። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ገባ። የምስራቹን ለመንገደኛው ሁሉ እናሳይ ብለን ከበር ውጪ ወዳለው ኮብልስቶን ገፋነው። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርስ የግራ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ተንጠለጠለ። ግድግዳ ጥግ የቆመ ውሻ ነው የመሰለው። መንገደኛው በሳቅ ፈነዳ። ፈጥነን ወደ ግቢ መለስነው፤ አራቱም ጎማ መሬት ነካ። አወጣነው፤ እግሩን አነሳ። አስገባነው፤ አወረደ።

"ቤት ውስጥ ጤነኛ፣ ውጪ ሽባ" አለች እናቴ። "ጠበል ሳያስፈልገው አይቀርም።"

አጎቴ ግን አልሳቀም። ብየዳው ጠምሞ ነው አለ። በያጁ ደግሞ በሕይወቱ የጠመመ በር ሰርቶ እንደማያውቅ፣ በር የሚጠምመው ቤቱ ሲጠምም መሆኑን ተናገረ። አንዱ ሌላውን ጮክ ብሎ ተናገረው፤ በያጁ ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ። ሁለቱም ኩሩ ናቸው። በያጁ በበራችን ሲያልፍ ወደ ሰማይ እያየ፣ አጎቴ ጋዜጣ ገልብጦ እየያዘ ሁለት ሳምንት አለፈ። እኔ በመሃል እየተመላለስኩ ላስታርቅ ሞከርኩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ ጋ ስሄድ አንዱን፣ ሌላው ጋ ስሄድ ሌላውን እውነትህን ነው ብዬ እመለሳለሁ።

ነገሩን የፈታው የልብስ እጣቢ ነው። እናቴ አንድ ጠዋት ጋቢ አጥባ የሳፋውን ውሃ ወለሉ ላይ ከለበሰችው። እኔ ሻንሲው ላይ ተቀምጬ ቁርሴን እበላለሁ። አረፋው በስሬ ተንሸራተተ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ፍሳሹ ጥግ ሄደ፤ እዚያ የቀኙ የኋላ ጎማ አጠገብ ሲደርስ ተሰብስቦ እንደ ኩሬ ቆመ። ወለሉ እዚያ ጥግ ላይ እንደ ሰሃን ጎድጉዷል። ሻንሲውን የደረደርነው በዚህ ወለል ላይ ስለሆነ የወለሉን ቅርጽ ይዞ፣ የቀኙ የኋላ እግሩ ወደ ታች ረዝሞ ነበር የተበየደው፤ ደልዳላ መሬት ላይ ሲቆም ታዲያ የግራው ይንጠለጠላል። ለዚህ ግቢ ልኩ ነው፤ ለቀረው ዓለም ግን ጠማማ።

"ጋሼ፣ ይሄ ወለል እንዲህ ዘንበል ይበል ያለው ማን ነበር?" አልኩት አጎቴን።

አረፋውን አየ። ጎማውን አየ። እኔን አላየኝም። ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደንግጬ ነበር፤ ኋላ ሲስቅ እንደሆነ ገባኝ። በነጠላ ጫማው ሮጦ ወጣ። ከታች ካለው የበያጁ ሱቅ የሁለት ትልልቅ ሰዎች ሳቅ እስከ ቤታችን ተሰማ። ሲመለሱ ተቃቅፈው ነበር። በያጁም በሩን ሲያልፍ፣ "እኔ ቤቱ ነው ብያችሁ ነበር" አለ።

በዚያ ሰሞን አግዳሚዎቹን ቆርጠን፣ ውሃ በተሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ የአራቱን ማዕዘን ከፍታ እኩል አስተካክለን እንደገና አስበየድናቸው። አበባው የነበረበትን አግዳሚ ሲቆርጥ በያጁ አበባውን በግራይንደር በጥንቃቄ አንስቶ መልሶ ተከለው። ኮብልስቶኑ ላይ ሻንሲው በአራት እግሩ ቆመ። አጎቴ በእያንዳንዱ ማዕዘን ተቀምጦበት ሞከረው፤ በሱ ክብደት ያልተንጋደደ ነገር በምንም አይንጋደድም።

ሞተሩ ተገጠመ፤ መሪውም ፍሬኑም ገባ። አካሉ ገና በርሜሎቹ ላይ ነው። እሁድ ከሰዓት አጎቴ፣ "ሳይለብስ እንሞክረው፤ አካሉ ከገባ በኋላ ጥፋት ቢገኝ ማን እንደገና ያነሳዋል?" አለ። የእናቴን ሁለት የበረንዳ ወንበሮች ሻንሲው ላይ በገመድ ጠፍረን አሰርናቸው። አጎቴ መሪውን ያዘ። እኔ ቤንዚኑ ያለበትን ጀሪካን ጭኔ ላይ አቅፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሐሳባችን ከሰፈራችን ዳር ያለው ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ዞረን ለመመለስ ነበር።

ሜዳው ላይ አንድ ጊዜ ዞርን። ሁለተኛም ዞርን። ከስሬ መሬቱ ሲሮጥ፣ ድንጋዩና ሣሩ በጫማዬ ስር ሲያልፍ ይታየኛል። ከፊቴ መስታወት የለም፤ ከጎኔ በር የለም። አጎቴ የልጅ ፊት ይዟል። ወደ እኔ ዞሮ፣ "እስከ አስፋልቱ?" አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። "እስከ አስፋልቱ" አልኩት።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ከኋላችን ክላክስ ተሰማ። የሰርግ አጀብ ነው። አበባና ሪባን ያሰሩ መኪኖች አልፈውን ገቡ፤ ሌሎቹ ከኋላ ደረሱብን፤ ስንባንን ሙሽሮቹ ከፊታችን፣ ሚዜዎቹ ከኋላችን ሆነዋል። መውጫ የለም። ከፊታችን ካለው መኪና መስኮት ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ የሚቀርጽ የቪዲዮ ሰው ካሜራውን ከሙሽሮቹ ላይ አንስቶ ወደኛ አዞረ። አጎቴ ኮቱን አስተካከለ። እኔ ጀሪካኑን በነጠላዬ ሸፈንኩት፤ ኋላ በቪዲዮው ሳየው የስጦታ ዕቃ ነበር የሚመስለው። እልልታው ከግራ ከቀኝ ይወርዳል። መንገድ ዳር የቆሙት ሴቶች እኛ ስናልፍ እልልታቸው መሃል ላይ እየተቆረጠ፣ ካለፍን በኋላ ሲቀጥል እሰማ ነበር። እንዲህ ሆነን ሙሽሮች ፎቶ ወደሚነሱበት ወደ ነገሥታቱ ግንብ አጥር ደረስን።

መስቀለኛው መንገድ ላይ የነበረው ትራፊክ ፖሊስ አጀቡን በክብር አሳለፈ። እኛ ጋ ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጠራን።

"ከሙሽራው ወገን ናችሁ ከሙሽሪት?" አለ።

አጎቴ ፊቱን ሳይቀይር፣ "ከሙሽሪት" አለው።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"መኪና ነው።"

ፖሊሱ ዞረን። በገመድ የታሰሩትን ወንበሮች ነካ ነካ አደረገ። "መኪናው የታለ?"

"ቤት ነው ያለው" አለ አጎቴ። "ይሄ አጽሙ ነው።"

ፖሊሱ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያይ ቆየ። ሲመለስ ድምጹን አጠነከረ፤ ሞተሩ እንዲጠፋ፣ ወደ ቤት ተገፍቶ እንዲመለስ፣ ሰሌዳ ሳይኖረው ዳግም አስፋልት እንዳይነካ አዘዘ። ትክክል ነበር። ግን ዳገት ነው፤ እኛም ሁለት ነን። ያን ጊዜ ከኋላችን የነበሩት ሚዜዎች ሱፋቸውን እንደለበሱ ወረዱና ትከሻቸውን ሰጡን። አጎቴ መሪውን ይዞ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል፤ እኔ ከሚዜዎቹ ጋር እገፋለሁ፤ ፖሊሱ ከፊት ከፊታችን ፊሽካ እየነፋ መንገድ ያስለቅቃል። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ነበር የሚገፉት። ሰፈር ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ልጇ ነጠላዋን ጀሪካን ላይ ጠምጥማ፣ የማታውቃቸው ስድስት ወጣቶች ሱፋቸው ቅባት ነክቶ ሲያልባቸው አይታ፣ "ወንበሮቼ ተጫሩ?" ብቻ ብላ ጠላ ልትቀዳላቸው ገባች። የሰርጉን ቪዲዮ ከወር በኋላ የሙሽሪት ዘመዶች ልከውልናል። የሻንሲው ክፍል ከሙሽሮቹ ጭፈራ ይረዝማል።

አካሉ የተገጠመ ቀን የእድራችን ሰዎች ለስብሰባ ከተቀመጡበት ተነስተው መጥተው አነሱልን። እኔ እያንዳንዱን ቀዳዳ እየዞርኩ አየሁ። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ገቡ። የመጨረሻው ብቻ እምቢ ብሎ በያጁ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ አደረገውና ገባ። ቀዩ አካልና ጥቁሩ ሻንሲ አንድ መኪና ሆኑ። እናቴ ኮፈኑን በእጇ ጠረግ አደረገች።

"ግባ እስቲ" አለችው አጎቴን።

አጎቴ እግሩን አነሳ፤ ገባ፤ ተቀመጠ። ወይም ሊቀመጥ ሞከረ። ወንበሩ በአዲሱ ሻንሲ ምክንያት ከድሮው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የሱ ጉልበት ደግሞ ከመሪው በላይ ወጥቶ ጆሮው አጠገብ ደረሰ። መሪውን ሊያዞር ሲል ጉልበቱ ያዘበት። ፍሬን ሊረግጥ ሲል ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ረገጠ። ልውጣ ሲል ደግሞ አልወጣም። በያጁ በብብቱ፣ እኔ በእግሩ ይዘን ጎትተን አወጣነው። የእድሩ ሰዎች አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አጎቴ ወደ ቤት ኋላ ዞሮ ሄደ። ስከተለው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"ወንድሜ ቀጭን ነበር" አለኝ። "እኔ በሕልሜ ሁሉ እሷን ስነዳ የሚታየኝ በወንድሜ ሰውነት ኖሯል።" ዓይኑ እርጥብ ነው፤ ከንፈሩ ግን እየሳቀ ነበር። "በይ፣ መንጃ ፈቃድ አንቺም አለሽ። እናትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ፤ ለነገሩ መኪና የሚያምረው ከውጪ ነው።"

ምርመራውና ሰሌዳው ብዙ ምልልስ ጠየቀ። መርማሪው ስር ገብቶ ሲያይ ቆየና አበባው ጋ ሲደርስ በጣቱ ነካ አደረገው። ወጥቶ ልብሱን እያራገፈ፣ "ጠንካራ ነው" አለን፤ ስለ አበባው አልጠየቀም። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ፀሐይ በወጣ አንድ ቅዳሜ፣ እናቴን ይዤ በደባርቅ መንገድ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። እናቴ ጋቢ ተከናንባ፣ ከላይ የአባቴን ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ከኋላችን አጎቴና በያጁ በሚኒባስ ይከተላሉ። አጎቴ በየጠመዝማዛው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ማርሽ ቀይሪ" ይላል። የሚኒባሱ ተሳፋሪዎችም ኋላ ላይ ለምደውት አብረው "ማርሽ ቀይሪ" ማለት ጀመሩ።

ኮሶዬ ላይ ድንች ቅቅል በበርበሬ በላን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ እናቴ ግን እንቀጥል አለች። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንቃረብ ሰማዩ በአንዴ ጠቆረና የወገራ ደጋ በረዶ ወረደ፤ ባቄላ ባቄላ የሚያህል። ጣሪያ የለን። መንገድ ዳር ካለ የገበሬ ግቢ ገብቼ አቆምኩና እናቴን እየጎተትኩ ወደ ቤቱ ሮጥን። የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

"ምነው፣ ክዳኗን ንፋስ ወሰደባችሁ?" አሉን።

"ሲሠሯትም ክዳን አልነበራትም፣ አያ" አልኳቸው።

አሰቡበት። "ሸጋ ናት" አሉ በመጨረሻ፣ "ለበጋ።"

እሳት ዳር አስቀመጡን፤ ባለቤታቸው የተቆላ ባቄላ አቀረቡልን። አጎቴና በያጁ ከሚኒባሱ ወርደው እንደ ራሰ ዶሮ ሆነው ሲገቡ በረዶው አባራ። ወጥተን ስናይ መኪናዋ እስከ መሪዋ ድረስ በነጭ በረዶ ሞልታለች። እናቴ አፏን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ የበሩን እንጨት ተደግፋ እስክታለቅስ ሳቀች። የእናቴን እንዲህ ያለ ሳቅ አባቴ ካለፈ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አያ እህል የሚሰፍሩበትን ቁና አመጡ። እሳቸው እየሰፈሩ፣ አጎቴ እየተቀበለ፣ በያጁ እየደፋ፣ ሁላችንም ጣታችን እስኪደነዝዝ በረዶ አወጣን።

"ዘንድሮ ምርቱ ሸጋ ነው" አሉ አያ፣ ቁናውን እያራገፉ።

ሚኒባሱ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ስለሄደ አጎቴና በያጁ የሚመለስ አውቶቡስ ለመጠበቅ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ በእግር ሄዱ። እኔና እናቴ እርጥብ ወንበር ላይ ጋቢ አንጥፈን ወደ ጎንደር ወረድን። ፀሐይ ተመልሳ የረጠበው አስፋልት ይጨሳል። ቁልቁለቱ ሲጀምር እናቴ መያዣውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ "ቀስ በይ፣ ልጄ" አለችኝ። ማርሽ ቀነስኩ። ጠመዝማዛውን አለፍን፤ ፊት ለፊታችን ሜዳው ተዘረጋ። ነፋሱ ጋቢዋን ከራሷ ላይ ገፈፈው። መነጽሯን አስተካከለችና ወደ እኔ ዘንበል አለች።

"አይ ግድ የለም" አለች፤ "ፍጠኚ።"